የደም ሥር ገበር ሴሎችን የካልሲየም ምልክት በአንድ ወረቀትና በእርሳስ እንዴት መከታተል ይቻላል

ክረምቱ ሲያልቅ ከደሴ ወደ ጦሳ ተራራ በእግሩ የወጣ ሰው ሳማ ሳይነካው መመለሱ ያጠራጥራል። ሳማ የነካው ቆዳ ወዲያው ያቃጥላል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላል፣ ቀጥሎም ክብ ክብ ሆኖ ያብጣል። መቅላቱና ማበጡ ለዓይን አንድ ነገር ቢመስሉም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቆዳው የሚቀላው ደቃቃ የደም ቅዳ ሥሮች ላልተው ብዙ ደም ስለሚያሳልፉ ሲሆን፣ የሚያብጠው ደግሞ ጥቃቅን የደም መልስ ሥሮች ፈሳሽ ወደ ውጭ ስለሚያሾልኩ ነው። ዙሪያውን በሚሰፋው ቅላት ውስጥ የነርቮችም እጅ አለበት። ሆኖም በሳማ ወገን ዕፅዋት ፀጉር ውስጥ ከሚገኙት ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ሂስታሚን በሁለቱም ቦታ የሚያነጋግረው የደም ሥርን ከውስጥ የሚያለብሰውን የገበር ሴል፣ በሕክምና ቋንቋ የኢንዶቴሊየም ሴልን ነው። ሴሉም በሁለቱም ቦታ መልዕክቱን የሚያስተላልፈው በካልሲየም ነው።

አንድ አዮን በአንዱ ሥር «ላላ»፣ በሌላው ሥር «አሾልክ» ሊል የቻለበትን ምክንያት ለመረዳት ከዚህ በታች ያለውን አሠራር በደሴ ከተማ ፊዚዮሎጂ ከማስረዳቸው የጤና ተማሪዎች ጋር ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፕሮቲኖቹን ስም ከላይ ወደ ታች በአንድ መስመር በቀስት እደረድር ነበር። ተማሪዎቹ ዝርዝሩን አንድም ሳይስቱ ይደግሙልኛል፤ «ከሴሉ ውጭ ያለው ካልሲየም ቢወገድስ ምን ይሆናል?» ብዬ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይሉ ነበር። ጥፋቱ የእነርሱ ሳይሆን የአሳሳሌ ነበር። የስም ሰንሰለት ካልሲየሙ የት እንዳለ አያሳይም።

የሚያስፈልገው ያልተሰመረ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ እና ሁለት ባለ ቀለም እስክሪብቶ ብቻ ነው። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት በወረቀቱ ኅዳግ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ይጻፉ፦ ካልሲየሙ ከየት መጣ? የት ቦታ ደረሰ፣ ምን ያህልስ ቆየ? ማን መልሶ አስወጣው? በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ቆመው እነዚህን ሦስቱን ሳይመልሱ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ሴሉን መሳልና ቁጥሮቹን ማስቀመጥ

በወረቀቱ ላይኛው ሲሶ አንድ ረጅምና ጠፍጣፋ ሴል ይሳሉ። የገበር ሴሎች በአንድ ረድፍ ብቻ ጎን ለጎን የተነጠፉ ሲሆኑ፣ አስኳሉ ካለበት ቦታ በስተቀር እጅግ ስስ ናቸው። ከሴሉ በላይ «ደም» ብለው ይጻፉ፤ ከሥሩ ደግሞ ሰፊ ባዶ ቦታ ትተው የደም ሥሩን የሚያጠብቀውንና የሚያላላውን ለስላሳ ጡንቻ ይሳሉ። ይህን የታችኛውን ሴል ለቦታ ቁጠባ ብሎ መተው ኋላ ላይ ሥዕሉን ከንቱ ያደርገዋል፤ የገበሩ ሴል የሚናገረው በአብዛኛው ለእርሱ ነውና። በገበሩ ሴል ውስጥ የተጠላለፈ ከረጢት ይጨምሩ፤ ይህ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ማለትም የሴሉ የካልሲየም ማከማቻ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ይጻፉ፤ ሁሉንም በአንድ መስፈሪያ። በደም ፈሳሽ ውስጥ በነፃ የሚገኘው የካልሲየም አዮን ወደ 1.2 ሚሊሞላር ነው፤ በናኖሞላር ሲጻፍ 1,200,000 ይሆናል። ባረፈ ሴል ሳይቶፕላዝም፣ ማለትም ከማከማቻው ውጭ ባለው የሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ግን 100 ናኖሞላር ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በሴሉ ሽፋን ግራና ቀኝ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ልዩነቱ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ መሆኑ በግልጽ ይታያል። በማከማቻው ውስጥ ያለው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮሞላር፣ ማለትም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ናኖሞላር በመሆኑ፣ ሳይቶፕላዝሙ በሁለት ሞልተው በሚጫኑ ግድግዳዎች መካከል ያለ ደረቅ ኮሪደር ይመስላል። ሴሉ ይህን ድርቀት ለመጠበቅ ሳያቋርጥ ጉልበት የሚያወጣውም ለዚሁ ነው። ኮሪደሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ በአንድ ጥግ የፈሰሰች ጥቂት ጠብታ እንኳ ወዲያው ትታወቃለች።

እዚህ ላይ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ ለሚያነሱት ጥያቄ መልስ መስጠት ይገባል። ወተት መጠጣት ወይም የካልሲየም ክኒን መዋጥ ይህን ምልክት በቀጥታ ከፍ አያደርገውም። የደም ካልሲየም በፓራታይሮይድ ሆርሞንና በቫይታሚን ዲ ቁጥጥር በጠባብ ወሰን ውስጥ ተይዞ ስለሚኖር፣ ምልክቱን የሚወስነው ውጭ ያለው መጠን ትንሽ መጨመር ሳይሆን በሮቹ መከፈታቸውና መዘጋታቸው ነው።

የመጀመሪያው ፍሰት፦ ከማከማቻው

በሴሉ ላይኛ ሽፋን ላይ የሂስታሚንን ተቀባይ ይሳሉ። አሲታይልኮሊን፣ ብራዲካይኒን እና ከሴል ውጭ የተገኘ ኤቲፒም የየራሳቸው ተቀባይ አላቸው፤ ውስጥ ሲገቡ ግን መንገዳቸው አንድ ስለሆነ ለጊዜው አንዱ ይበቃል። ተቀባዩ ጂ-ኪው የተባለውን ፕሮቲን ያነቃል፤ ይህም ፎስፎላይፔዝ ሲ የተባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ኢንዛይሙም በሽፋኑ ውስጥ ያለ አንድ ቅባት ለሁለት ይቆርጣል። ከሁለቱ ቁራጮች አንዱ በሽፋኑ ውስጥ ሲቀር፣ አይፒ-3 የሚባለው ሌላኛው በሳይቶፕላዝሙ ተንሳፎ ማከማቻው ላይ ያለውን በር ይከፍታል። አይፒ-3 ካልሲየምን ከውስጥ ማከማቻ እንደሚያስወጣ የታወቀው በ1983 ነው። ከማከማቻው ወደ ሳይቶፕላዝሙ ወፍራም ቀስት ይሳሉ፤ በኅዳጉ የመጀመሪያ ጥያቄ ፊት ለፊትም «ከውስጥ» ብለው ይጻፉ።

ሁለተኛው ፍሰት፦ ሮቶውና ተንሳፋፊው ኳስ

ማከማቻው ግን ትንሽ ነው፤ በፍጥነት ይጎድላል። ሴሉ ምልክቱን ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ ለማቆየት ከፈለገ ከውጭ ማስገባት አለበት። ውጭ ያለው በር ማከማቻው መጉደሉን በምን ያውቃል? ይህ ጥያቄ ተመራማሪዎችን ለዓመታት አስጨንቋል። ጄምስ ፑትኒ በ1986 የማከማቻው መጉደል ራሱ የውጩን በር ይከፍታል የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ፤ መጉደሉን የሚያውቀው ፕሮቲን፣ ስቲም-1፣ የተገኘው ግን በ2005 ሲሆን፣ በሩ፣ ኦራይ-1፣ በ2006 ታወቀ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው ይህን አሠራር በግቢው አይቶታል። የሮቶውን ክዳን ከፍተው ወደ ውስጥ ቢመለከቱ፣ በክንድ ጫፍ የታሰረች ተንሳፋፊ ኳስ ውሃው ላይ ተኝታ ያያሉ። ከታች ቧንቧ ተከፍቶ ውሃው ሲወርድ ኳሷም አብራ ትወርዳለች፤ ክንዱ ያዘነብላል፤ የመግቢያው አፍ ይከፈትና ከመስመር ውሃ ይገባል። ኳሷ የምትለካው ሮቶው ውስጥ ያለውን ውሃ ነው፤ የምትከፍተው ግን ከውጭ የሚመጣውን መስመር ነው። ስቲም-1ም እንዲሁ ነው። አንደኛው ጫፉ በማከማቻው ውስጥ ሆኖ ካልሲየም ይዟል፤ መጠኑ ሲጎድል የያዘውን ይለቃል፤ ከዚያም ከመሰሎቹ ጋር ተሰባስቦ ማከማቻው ለሴሉ ሽፋን በጣም ወደሚቀርብበት ቦታ ይሄዳል፤ እዚያም ኦራይ-1ን ነክቶ ይከፍተዋል።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ አይሠራም፤ ሥዕሉ እንዳይሳሳት ደግሞ ይህን ልዩነት መለየት ግድ ነው። በቤታችን ውሃው በቀጥታ ወደ ሮቶው ይገባል። በሴሉ ውስጥ ግን በኦራይ-1 የገባው ካልሲየም በመጀመሪያ የሚደርሰው ወደ ኮሪደሩ ነው፤ ወደ ማከማቻው የሚያነሳው ሰርካ የተባለው ጉልበት የሚበላ ፓምፕ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀስቶች ይሳሉ፦ አንዱ ከውጭ ወደ ሳይቶፕላዝም፣ ሌላው ከሳይቶፕላዝም ወደ ማከማቻ። ሴሉ ምልክቱን የሚያራዝመው በእነዚህ ሁለት ቀስቶች መካከል ባለው ቦታ ነው።

ግራፉን ማንበብ

በ1985 ሮጀር ቺየንና ባልደረቦቻቸው ፉራ-2 የተባለውን ቀለም ይፋ አደረጉ። ቀለሙ በሴሉ ውስጥ ገብቶ በ340 እና በ380 ናኖሜትር ብርሃን እየተፈራረቀ ሲበራበት፣ በ510 ናኖሜትር አካባቢ የሚመልሰው ብርሃን በካልሲየም መጠን ይለዋወጣል። የሁለቱ ንባቦች ውድር የሚወሰደው፣ አንዱ ሴል ከሌላው ቢወፍር ወይም ብዙ ቀለም ቢይዝ ልዩነቱ እንዲጣፋ ነው። የመጻሕፍቱ ግራፎች በአብዛኛው የዚህ ውድር ሥዕሎች ናቸው።

በወረቀቱ ጀርባ ሁለት መስመሮችን አቋርጠው ግራፍ ያዘጋጁ፤ ጊዜ በአግድም፣ ካልሲየም ወደ ላይ። ሂስታሚን የተጨመረበት ሴል በመጀመሪያ በሰከንዶች ውስጥ ሹል ጫፍ ያሳያል፤ ከዚያ ይወርድና ከመነሻው ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ይቆያል። ጫፉንና ሜዳውን ከሣሉ በኋላ መልሱን የትም ሳይፈልጉ የሚከተለውን በእርሳስ ይተንብዩ፤ ከውጭ ያለው ካልሲየም ኢጂቲኤ በተባለው ካልሲየም ጠላፊ ቢወገድና ሂስታሚኑ በድጋሚ ቢጨመር ግራፉ ምን ይመስላል?

ጫፉ ይወጣል፤ ምክንያቱም ከውስጥ የሚመጣ ነው። ሜዳው ግን አይኖርም፤ መስመሩ ወደ መነሻው ይወርዳል። ከዚያ ካልሲየም ወደ ውጩ ፈሳሽ ቢመለስ መስመሩ እንደገና ይነሳል፤ ማከማቻው ጎድሎ፣ ስቲም-1ም ኦራይ-1ን ከፍቶ ይጠብቅ ነበርና። ይህን ትንበያ ሳያይ ያገኘ ተማሪ የቀረውን ሁሉ ራሱ ሊያወጣው ይችላል። የሚቀጥለው ፈተና ታፕሲጋርጂን ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር ሰርካን ያቆማል። ማከማቻው ምንጊዜም ትንሽ እየፈሰሰ የሚኖር ስለሆነ፣ ፓምፑ ሲቆም ምንም ተቀባይ ሳይነካ ይጎድላል፤ የውጩም በር ይከፈታል። ግራፉን በሁለቱም ሁኔታ፣ ካልሲየም ውጭ እያለና ሳይኖር፣ ይሳሉ።

ካልሲየሙ ጡንቻውን እንዴት ያላላል

ወደ መጀመሪያው ሥዕል ይመለሱ። ከፍ ያለው ካልሲየም ካልሞዱሊን ከተባለ ትንሽ ፕሮቲን ጋር ይጣመራል፤ አንድ ካልሞዱሊን አራት የካልሲየም አዮን ይይዛል። ይህ ጥምር በሽፋኑ ጎድጓዶች ውስጥ በካቪዮሊን ተይዞ የተቀመጠውን ኢኖስ የተባለ ኢንዛይም ነፃ ያወጣል፤ ኢንዛይሙም ከአርጂኒንና ከኦክሲጅን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ ስለሆነ በር አያስፈልገውም፤ ወደ ታችኛው ሴል ይሻገርና እዚያ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ሞለኪውል እንዲበዛ ያደርጋል፤ ለስላሳ ጡንቻውም ካልሲየሙ ቀንሶ ይላላል።

ሁለቱ ባለ ቀለም እስክሪብቶዎች የሚያስፈልጉት እዚህ ነው። በላይኛው ሴል ውስጥ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት በአንድ ቀለም፣ በታችኛው ሴል ውስጥ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት በሌላ ቀለም ይሳሉ። ካልሲየም በጡንቻው ሲጨምር ሥሩ ይጠብባል፤ በገበሩ ሲጨምር ሥሩ ይላላል። «ካልሲየም የደም ሥርን ያጠብባል» ብሎ መናገር የትኛው ሴል እንደሆነ ካልተገለጸ ትርጉም የለውም። ይህ ልዩነት በቤተ ሙከራ የታየው ሮበርት ፈርችጎትና ጆን ዛዋድስኪ በ1980 ባሳተሙት ሥራ ነው። የጥንቸል ዋና ደም ቅዳ ገበሩ ሳይነካ ሲቀር በአሲታይልኮሊን ይላላል፤ ውስጡ ከተፋቀ ግን አይላላም። ከዚያ በፊት ብዙ ሙከራዎች ሳይታሰብ ገበሩን እየፋቁ ይሠሩ ነበር። ፈርችጎት በ1998 ከሉዊስ ኢግናሮና ከፈሪድ ሙራድ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሁለተኛ መንገድም አለ። የገበሩ ካልሲየም ሲጨምር በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ ሁለት ዓይነት የፖታሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ፖታሲየም ሲወጣ የሴሉ ውስጥ ይበልጥ አሉታዊ ይሆናል፤ ይህም የኤሌክትሪክ ለውጥ ሁለቱን ሴሎች በሚያገናኙ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ጡንቻው ይተላለፋል። በጡንቻው ላይ ያሉት በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ የካልሲየም በሮች ይዘጋሉ። በትንንሽ የደም ቅዳ ሥሮች ውስጥ ይህ መንገድ ከናይትሪክ ኦክሳይድ የማይተናነስ ድርሻ አለው።

አንድ ተማሪ በዚህ ቦታ ላይ ቆም ብላ የጠየቀችኝን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም አነሳዋለሁ፦ «የደም ግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን የካልሲየም በር የሚዘጋ ከሆነ የገበሩን ናይትሪክ ኦክሳይድ አብሮ አይቀንስም ወይ?» መልሱ በሥዕሉ ላይ አለ። አምሎዲፒን የሚዘጋው በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን፣ በጡንቻው ላይ ያለውን በር ነው። የገበር ሴል በአብዛኛው እንዲህ ያለ በር የለውም፤ የእርሱ መግቢያዎች ኦራይ-1ና መሰሎቹ ናቸው። እንዲያውም የገበሩ ውስጥ አሉታዊ ሲሆን አዎንታዊው ካልሲየም ይበልጥ ይሳባል። በታችኛው ሴል ላይ በሩን ይሳሉና «አምሎዲፒን» ብለው ይጻፉበት፤ በላይኛው ላይ አይሳሉት።

ኬሚካል ሳይኖርም

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ሰው የእግሩ ጡንቻ ብዙ ደም ይፈልጋል። ፍሰቱ ሲፈጥን ደሙ የገበሩን ሴል በገጹ ላይ ይጎትተዋል። መጎተቱን የሚያውቁ በሮች አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ በአርደም ፓታፑቲያን ቤተ ሙከራ በ2010 የታወቀው ፒየዞ-1 ነው፤ ሳይንቲስቱም በ2021 ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር ኖቤል ተሸልመዋል። በሩ ሲጎተት ይከፈትና ካልሲየም በቀጥታ ከውጭ ይገባል። ነገር ግን ለረዥም ጊዜ በሚቆይ ፍሰት ኢኖስ በፎስፌት ምልክትም ስለሚነቃ፣ ካልሲየሙ ብዙ ሳይጨምር ናይትሪክ ኦክሳይድ ሊመረት ይችላል። ስለዚህ «ናይትሪክ ኦክሳይድ አለና ካልሲየሙ ከፍ ብሏል» ብለው አይደምድሙ።

ቦታውን መለየት

አሁን ወደ ሳማው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ሌላ ሁለት የገበር ሴሎች ጎን ለጎን ይሳሉ፤ ከሥራቸው ግን የጡንቻ ሽፋን አይጨምሩ፤ ይህ ከካፒላሪዎች ቀጥሎ ያለው ጥቃቅን የደም መልስ ሥር ነው። በሴሎቹ መካከል ቪኢ-ካድሄሪን የሚባል ስፌት ያድርጉ። እዚህ ሂስታሚን ሲደርስ ያው ካልሲየም ከያው ካልሞዱሊን ጋር ይጣመራል፤ ጥምሩ ግን ማዮሲን የተባለውን ጎታች ፕሮቲን የሚያነቃ ኢንዛይምም ይቀሰቅሳል፤ ሴሉ በውስጡ ያሉትን ክሮች ይጎትታል፤ ስፌቱም ይላላል። በመካከል በሚፈጠረው ክፍተት ፈሳሽና ፕሮቲን ይወጣል፤ ቆዳው ያብጣል። በደም ቅዳ ሥሮች ስፌቱ ጠንካራ ሲሆን ከሥሩም የሚላላ ጡንቻ አለ፤ በእነዚህ ጥቃቅን የደም መልስ ሥሮች ስፌቱ ለሂስታሚን በቀላሉ የሚረታ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ካልሲየሙ ሳይሆን የተገኘበት ቦታና በዙሪያው ያለው ነው።

በአንድ ሴል ውስጥም ቦታ ይለያያል። ሁልጊዜ ሴሉ በሙሉ አይጥለቀለቅም፤ የገበር ሴል ወደ ጡንቻው በሚዘረጋው ጣት መሰል ክፍል ውስጥ ብቻ ጥቂት በሮች ተከፍተው እዚያው የሚያልቅ ብልጭታ ሊፈጥሩ ይችላሉ፤ የፖታሲየም በሮቹም እዚያው አጠገብ ስለሚገኙ ይህ ትንሽ ብልጭታ ጡንቻውን ለማላላት ይበቃል። በሥዕሉ ላይ ብልጭታውን በትንሽ ኮከብ፣ ሴሉን በሙሉ የሚያዳርሰውን ማዕበል በቀላል ጥላ ይለዩ።

ማስወጣት

ላጲሱን አሁን ያንሱ። በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ካስቀመጧቸው የካልሲየም ነጥቦች እያንዳንዱን ከማጥፋትዎ በፊት በየት እንደወጣ በቀስት ያሳዩ፤ ወደ ማከማቻው በሰርካ፣ ወደ ውጭ በሽፋኑ ላይ ባለው ፓምፕ ወይም በሶዲየም ልዋጭ፣ ለጊዜውም ወደ ሚቶኮንድሪያ። መውጫው ሳይሳል የጠፋ ነጥብ ካለ ሥዕሉ አላለቀም።

ለመፈተን የሚሆን አንድ ታካሚ

ሥዕሉን በሙሉ ወደ ጎን ትተው በአዲስ ወረቀት ይህን ይሥሩ። አንድ ሰው ለደም ግፊት ኤናላፕሪል እየወሰደ ሳለ ከንፈሩ አበጠ። ኤናላፕሪል የሚያግደው ኢንዛይም ብራዲካይኒንንም ይሰብር ነበር፤ ሲታገድ ብራዲካይኒን ይከማቻል። ከብራዲካይኒን ተቀባይ ይነሱና ማከማቻውን፣ ኳሷን፣ የውጩን በር፣ ካልሞዱሊንን፣ ስፌቱን እያለፉ እስከ እብጠቱ ይሳሉ። ከዚያም ፀረ ሂስታሚን መድኃኒት የሚዘጋውን በር በሥዕሉ ላይ ይፈልጉ፤ የሂስታሚን ተቀባይ ተዘግቷል፤ የብራዲካይኒኑ ግን ክፍት ነው፤ ስለዚህም ለአለርጂ የሚሰጠው ክኒን ይህን እብጠት እምብዛም አይመልሰውም። እንዲህ ያለ እብጠት ወደ ምላስና ጉሮሮ ሊዛመት ስለሚችል፣ በእውነተኛ ሰው ላይ ሲታይ መድኃኒቱ ቆሞ ሰውየው ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት።